ሁኔታ የሚባል የቅሬ አባል

በመካነ ሰላሙ ካምፓስ የጽሑፍ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መምህር ፈንታው፣ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሐዘን ይከፍታል። «እንግሊዝኛ አንቱ የለውም» ይላል፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ንጉሡንም ዩ፣ ውሻውንም ዩ ነው የሚለው። ታዲያ ፈረንጅ መከባበር ሲያምረው ምን ያደርጋል?» ፈንታው ቀና ይልና «ግሱን ስም ያደርገዋል!» ብሎ ሰሌዳውን በጠመኔ ይመታዋል።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። ግስ ማለት ሲሮጥ ውሎ ላቡ ያልደረቀ ሠራተኛ ነው፤ ስም ግን ኮቱን ለብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ኃላፊ ነው። «ፍየሎቹ ለምን እንደሞቱ አጠናን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገና ከፍየሎቹ ጋር በረት ውስጥ ነው፤ «የፍየሎች ሞት መንስኤ ጥናት» ያለው ግን አዳራሽ ገብቷል። ዲሳይድን ዲሲዥን፣ ኢንፎርምን ኢንፎርሜሽን፣ አፕላይን አፕሊኬሽን እያለ ግሱን ሁሉ ወንበር ሲያስይዝ ይውላል። ተማሪዎቹ በሌለበት «ቲቸር ሽን» ይሉታል። ያውቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ሀናን የምትባል፣ ነገር ነካ ማድረግ የምትወድ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግሱ ስም ሲሆን እኮ ያደረገው ሰው ይጠፋል። ማን አጠና? ማን ወሰነ?»

«ውበቱ እሱ ነው!» አላት ፈንታው፣ ዓይኑ በርቶ። ሀናን አንገቷን ነቅንቃ ጻፈችው።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ስሕተት የለበትም። የምርምር መጽሔቶቹ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ነው፤ ፈንታው ራሱ ከማሻ ገጠር ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እነዚያን ስሞች ተንጠላጥሎ ነው። ጣጣው ሰውየው ከክፍል ሲወጣም አለማቆሙ ነው። ወጥ ይቀርብለታል፤ አንዴ ይቀምስና «የጨው እጥረት ይስተዋላል» ይላል። ሚስቱ ብርሀንነሽ «ጨው አነሰው በል፤ ወላሂ አልቆጣም» ትለዋለች። እሱ ግን ጨው አነሰው ማለት አይሆንለትም።

እንዲህ እያለ ሲኖር፣ በሰኔ፣ ጎረቤቱ እትዬ አልታየች አረፉ። እትዬ አልታየች ፈንታው ወንደላጤ ሆኖ ወደ ከተማው ሲመጣ በግቢያቸው ቤት ያከራዩት፣ ታይፎይድ ጥሎት ሲያቃዠው አጥሚት በማንኪያ እያጠጡ ያተረፉት፣ ለብርሀንነሽ ሽማግሌ ሲልክም «የልጁ እናት እኔ ነኝ» ብለው የቆሙለት ሴት ናቸው። ካገባ በኋላም ከሳቸው መራቅ ስላልሆነለት አጥር ለአጥር ተጠግቶ ነው ቤት የሠራው።

የዚያን ዕለት ጧት የቅሬው ጥሩንባ ተነፋ። ቅሬ የወሎ ሰው እድር ነው፤ መቀበሪያ ብቻም አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ሆኖ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ድንኳን የሚተክልለት፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚያስተዛዝንለት ማኅበር ነው። ጥሩንባው ከተነፋ ሱቅ ይዘጋል፣ ሚዛን ይቀመጣል፣ የተጣላም ሰው ቢሆን ጎን ለጎን ይሄዳል።

ፈንታው ጥሩንባውን አልሰማም፤ ቢሮው ሩቅ ነው። የብርሀንነሽ መልእክት ግን በቴሌግራም ደረሰው። «እትዬ አልታየች አረፉ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ቶሎ ና።» አነበበው። ክው ብሎ ቀረ፤ ይህን አንነፍገውም። ነገር ግን ውጭ አገር ለሚታተም መጽሔት የሚልከው ጽሑፍ ቀኑ ደርሶበት ስለነበር «ይችን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ» ብሎ ተቀመጠ። ዐረፍተ ነገሯ ውስጥ ስም አልሆንም ብሎ የሚታገል አንድ ግስ ነበረ። ታገለው። ግሱን ጥሎ ቀና ሲል፣ ቀባሪው አፈር አልብሶ፣ ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ ድንኳን ገብቶ ነበር።

«ስልኬ ጠፍቶ ነው» አለ፣ ለጠየቀው ሁሉ። ብርሀንነሽ መልእክቷ የተነበበበትን ምልክት ስልኳ ላይ አይታዋለች፤ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

የቅሬው ዳኛ ሼህ አሕመድኑር ናቸው፤ ፊታቸው ሳይፈታ ሰው የሚያስቁ፣ እህል የሚነግዱ ሽማግሌ። ፈንታው በማግሥቱ ሄዶ «ቅጣቴን ልክፈል» አላቸው።

«ቅጣትማ ላረፈደ ነው» አሉት። «ጎረቤቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ቅሬው ፊት ቆሞ ይናገራል። አስናቀው ይቅር ካለው ይመለሳል። እስከዚያው ከቅሬ ውጭ ነህ፣ መምህር። አብሽር፣ ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ቃል ይበቃል።»

ጋሽ አስናቀው የእትዬ አልታየች ባል ናቸው። ፈንታው እሳቸው ፊት መቆሙን አልደፈረውም። «በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል?» ሲል ጠየቀ።

ሼህ አሕመድኑር ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ለምን አይቻል። ጸሐፊያችን ታነብልናለች።» የቅሬው ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ሰው ሳትሆን ያቺው ሀናን ናት።

ከቅሬ የወጣን ሰው የሚሰድበው የለም። ስድብማ ደግ ነበር። ብርሀንነሽ ወንፊት ልትዋስ ጎረቤት ሄደች፤ ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየችው «ውይ፣ የለንም እኮ» ተባለች። ፈንታው ሻይ ቤት ሲገባ ጨዋታው ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የጋሽ አስናቀውን ነው። ድሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ በአጥሩ ላይ «ፈንቴ! ነግቷል እኮ!» ብለው የሚጮሁት ሰው፣ አሁን የከዘራቸውን ጫፍ እያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ። ፈንታው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ኮቴያቸው እስኪርቅ ያዳምጣል። ወጥቶ እግራቸው ላይ መውደቅ ያምረዋል፤ ከዚያ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

«ዛሬ ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» አለችው ብርሀንነሽ። «መጽሔቱ?»

ተቀመጠና ጻፈ። አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ ሐሳቡ ልብሱን የሚለብሰው እዚያ ነውና። መጀመሪያ ላይ ሳያስበው «አይ ዲድ ኖት ካም» የሚል ከእጁ ወጣ። አየውና ደነገጠ። ይሄ «አይ» የሚሉት «እኔ» እንዲህ ብቻውን ከፊት ቆሞ አይቶት አያውቅም። ሰረዘው። እየሰረዘ፣ እያከበረ፣ እያስቀመጠ ሄደና ሲጨርስ ወደ አማርኛ መለሰው። ከወንበሩ ያስነሣው ስም አልነበረም። ለብርሀንነሽ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ቆንጆ ነው» አለችው። «የማን ደብዳቤ ነው?»

እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቅሬው ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ከሚቀመጡበት ቤት ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ጋሽ አስናቀው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ከለበሱ ወዲህ ያነሱ ይመስላሉ። ፈንታው ዳር ላይ ቆመ። ሀናን ተነሥታ ወረቀቱን ዘረጋችና ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምጿን ጠራርጋ ጀመረች።

«በዕለቱ በተከሰተው የመልእክት አለመድረስ፣ እንዲሁም ከሥራ ጫና መደራረብ ጋር በተያያዘ፣ በቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ ያለመገኘት ሁኔታ ተፈጥሯል። በተፈጠረው ሁኔታ የተሰማው ሐዘን ከፍተኛ ሲሆን፣ የይቅርታ ጥያቄ ቀርቧል።»

«ማሻአላህ» አሉ ሼህ አሕመድኑር። «ደግ ጽሕፈት ነው። እስቲ ድገሚልን።» ሀናን ደገመችላቸው።

«እንግዲህ ጥፋተኛው ታወቀ» አሉ። «ሁኔታ ነው። ይኸ ሁኔታ የሚባለው ሰው የማን ወገን ነው?»

«ተፈጥሯል ነው የሚለው» አለ አንዱ ከኋላ። «መወለዱ ነው መሰለኝ፤ ገና ጨቅላ ነው።»

«ምስኪን! ታዲያ ጨቅላ ምን ያውቃል፤ ይማር እንጂ» አለች አንዲት ሴት።

«ሐዘኑም ከፍተኛ ነው ይላል። ልጁ አንጀት አለው።»

የሳቀ የለም። የወሎ ሰው ሲያሾፍ እንደዚህ ነው፤ ፊቱን ያየ ሰው ዱዓ ላይ ነው ይለዋል። ሼህ አሕመድኑር ወደ ጋሽ አስናቀው ዞሩ። «አስናቀው፣ ሁኔታን ይቅር ትለዋለህ?»

ጋሽ አስናቀው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳረፉ። «ሁኔታን ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። «እሱ አላስቀየመኝም።»

«ጻፊ፣ ሀናን። ሁኔታ ታርቋል። ከዛሬ ጀምሮ የቅሬያችን አባል ነው።»

ፈንታው እፎይ አለ። የተማረ ሰው ሲሞኝ አያድርስ ነው፤ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ሄዶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት በእጇ ከለከለችው።

«ሰው አለበት» አለችው።

«የማን ቦታ ነው?»

«የሁኔታ» አለችውና ነጠላዋን ሰብስባ ለማይታየው ሰው ሰፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ፈንታው ቆሞ ስብሰባውን ጨረሰ።

ከዚያ ወዲያ ሠፈሩ ሥራ አገኘ። ጧት በበሩ የሚያልፈው ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም፣ ሁኔታ! እንዴት አደርክ?» ብሎ ፈንታውን ሳያይ ያልፋል። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ሁኔታ ዛሬ አልመጣም? አሞት ይሆን?» እየተባለ አጠገቡ ይጠየቃል። ብርሀንነሽ ወንፊቱን አገኘች፤ ግን «ለሁኔታ ነው ያዋስኩት፤ ሲጨርስ ራሱ ይመልስ» ተብላ ነው። ካምፓስ ሲገባ ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ ተማሪ ስም ሲጠራ ለሁኔታ «አቤት» አለለት። ሀናን የምትጽፈው ነገር ብዙ ነበራትና ቀና አላለችም።

ፈንታው ቱግ ብሎ እህል መደብሩ ድረስ ሄደ። «ሼህ አሕመድኑር፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ሁኔታ ማለት እኮ ረቂቅ ስም ነው፤ ሰው አይደለም!»

«ኧረ በአላህ?» አሉ ሼሁ፣ እውነት የደነገጡ መስለው። «ታዲያ ደብዳቤው ውስጥ ብንፈልግ ሌላ ሰው አጣን እኮ፣ መምህር።»

መልስ የሌለው የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ቤቱ ሄዶ ከፊተኛው የከበረ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ። በዚህኛው ላይ «ክስተት» የሚል ቃል ገብቶ ነበር። ቅሬው ክስተትን የሁኔታ ታናሽ ወንድም ነው ብሎ ተቀበለና ለሁለቱም ቦታ ተለቀቀላቸው። ብርሀንነሽ የሰማች ዕለት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗን ጠረገችና «ፈንታው፣ ጋሽ አስናቀው እኮ ደብዳቤ አይደለም የሚጠብቁት» አለችው።

የእትዬ አልታየች አርባ ደረሰ። ቅሬው እንደ ልማዱ ሥራ ተከፋፈለ፤ የሙስሊሙን የሚያርድ ከሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑን የሚያርድ ከክርስቲያኑ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ድንኳን የሚተክል። ውሃ የሚቀዱት ሁኔታና ወንድሙ እንዲሆኑ ተወሰነ። ፈንታው ሲሰማ ጥርሱን ነከሰ። ወሬ ብቻ መስሎት ነበር።

በዕለቱ ግን በርሜሉ እውነትም ባዶ ነበር። ፈንታው ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ያያል። ሴቶቹ በድስቱና በበርሜሉ መካከል ተመላለሱ፤ አንዷ ጣሳ ሰድዳ የበርሜሉን ሆድ አንኳኳችው። «ሁኔታ ሆይ፣ የት ገባህ?» አለ አንዱ፣ ድንኳኑ ሥር ያሉትም ሳቁ። ሼህ አሕመድኑር አጥሩን አሻግረው ፈንታውን አዩት። የተማሪውን መልስ የሚጠብቅ አስተማሪ ፊት ነበራቸው።

ከዚያ ጋሽ አስናቀው ተነሡ። ማንንም ሳያናግሩ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ቢጫውን ጀሪካን አንሥተው ወደ ቦኖው መንገድ ወጡ። ወገባቸው ጎብጧል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሳቁ በአንድ ጊዜ ሞተ። «ኧረ ተው፣ አስናቀው! ጨዋታ ነው፣ ወላሂ ጨዋታ ነው!» ብለው ሼሁ ራሳቸው ተነሡ። ጋሽ አስናቀው ግን ዞረው አላዩም። የሚስታቸው አርባ ነው፤ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሌላው አይታያቸውም ነበር።

ፈንታው በሩን አልፈለገም። አጥሩን ዘለለ፤ ሱሪው ተቀደደ፤ ሮጠና ጀሪካኑን በእጀታው ያዘ። ጋሽ አስናቀው አልለቀቁም።

«ልቀቀኝ» አሉት፣ አሁንም ፊቱን ሳያዩ። «ተራው ያንተ አይደለም።»

ጭቃው መሐል ሁለቱም ባዶውን ጀሪካን እንደያዙ ቆሙ። መላው ቅሬ ከድንኳኑ ወጥቶ ያያቸዋል። ፈንታው አፉን ከፈተ፤ መጀመሪያ የመጣለት «በተፈጠረው» የሚል ነበር። ዋጠው።

«መልእክቱ ደርሶኛል» አለ። «አንብቤዋለሁ። ስልኬ አልጠፋም ነበር፤ ዋሽቻለሁ። ተቀምጬ ስጽፍ ነበር፣ ጋሼ። ላጠናቅቅ ብዬ ቀረሁ። እኔ ነኝ የቀረሁት። አድነውኝ፣ እናት ሆነውኝ፣ አልቀበርኳቸውም።»

ሀናን ብዕሯ እጇ ላይ ነበር፤ አልጻፈችም። ጋሽ አስናቀው ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈንታውን ፊት አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ጀሪካኑን ለቀቁለት።

«ቅዳ» አሉት።

ቀዳ። በርሜሉ እስኪሞላ ተመላለሰ፤ ጫማው ጭቃ ሆነ፣ ትከሻው ተላጠ። ያገዘው የለም፤ የቀለደበትም የለም። ሲጨርስ ያቺ ነጠላዋን የሰበሰበችበት ሴት አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችለትና ቁጭ አለ። ሼህ አሕመድኑር በፊቱ ሲያልፉ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ሁለት ቃል ይበቃል ብዬህ አልነበር፤ አንተ አበዛኸው» አሉት። ማታ እንግዳው ሲበተን ጋሽ አስናቀው ጠሩት። «ነገ በማለዳ አካፋ ይዘህ ና። ዝናቡ መቃብሯን አሰርጉዶታል። እኔ ብቻዬን አልችለውም።»

በማግሥቱ ጉሙ ሳይገፈፍ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተገናኙ። ፈንታው ከአጥሩ ሥር አፈር እየዛቀ ያመጣል፤ ጋሽ አስናቀው ድንጋዩን እያነሡ ያደላድላሉ። ፈንታው መጠየቁን ይፈራ ነበር፤ ሳይጠይቅ መሄዱን ግን የበለጠ ፈራ።

«ጋሼ፣ እትዬ ሊያርፉ ሲሉ ስሜን አንሥተው ነበር?»

ጋሽ አስናቀው በጉልበታቸው እንደተንበረከኩ እጃቸው ላይ ያለውን አፈር አራገፉ። «ያረፈች ዕለት ጎህ ሲቀድ ትንሽ ነቃ አለች። ፈንቴ መጣ ወይ አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«እየመጣ ነው አልኳት።»

ፈንታው አካፋውን ይዞ እንደቆመ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ድምፁን ሳይሸሽግ፣ አፍንጫውን ሳይጠርግ። ጋሽ አስናቀው አላባበሉትም። ሲበቃው ጠብቀው፣ በእጃቸው ገና ወዳልሞላው ጥግ አመለከቱት።

«እንግዲህ አልዋሸኋትም» አሉ። «በል፣ እዚህ ጋ አፈር ጨምር።»

ፈንታው አፈር ጨመረ።